አዲስ ጉሮሮ ለአባባ ስፒከሮች

ረቡዕ፣ ጥር 13

ወገቤ ተቆርጧል። የአባባን ሁለት ስፒከሮች ከመርሳ ወልድያ ያመጣኋቸው በሚኒባስ ነው፤ እኔ አንድ ወንበር፣ እነሱ ሁለት ወንበር። ረዳቱ “እነዚህ ሰውዬዎች የሚወርዱት ሲሪንቃ ነው ወይስ ወልድያ?” እያለ መኪናውን ሙሉ ሲያስቅብኝ መጣ። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ደግሞ ሣጥኑን ጎንበስ ብለው አዩና “ንብ አለበት እንዴ ልጄ?” አሉኝ። የለበትም አልኳቸው። ቢኖርበት ይሻል ነበር፤ ንብ ቢያንስ ድምፅ አለው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ በኋላ እኔም እንዳልረሳው። አባባ መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። በካሴት ዘመን የሐብሩ ወረዳ ሰው ባዶ ካሴቱን በኪሱ ይዞ ይመጣል፣ እሳቸው ይቀዱለታል። ቴፑ ትንሽ ፈጠን ወይ ዘግየት ብሎ ሲዞር ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያውቁት ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ከተዘጋ ቆየ። ካሴት ማጫወቻው ዴክና ስፒከሮቹ ግን ሳሎን ተቀምጠዋል። በክፉው ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ አክስቴ ገጠር ወስዳ ጎተራ ሥር ደበቀቻቸው፤ ሲመለሱ አንደኛው ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ይንኮሻኮሻል። ይህ እውነት ነው።

አባባ የማይሰሙት ግን በስፒከሩ የተነሣ ብቻ አይደለም። ይህም እውነት ነው፤ እሳቸው ብቻ ናቸው የማይቀበሉት። በር ሲንኳኳ አይሰሙም። በቀደም ከኋላቸው የመጣ ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ሊጨርሳቸው ነበር። ማኅበር መሄድ ትተዋል፤ ምክንያቱን ስጠይቃቸው ሰዉ ሁሉ ማንሾካሾክ ለመደ ይላሉ። ስደውል የጠየቅኳቸውን ትተው ያልጠየቅኳቸውን ይመልሱልኛል። ደሴ የጆሮ ሐኪም አለ እንሂድ ስል፣ የታመመው ስፒከሩ ነው እንጂ እኔ ምን ሆንኩ ይሉኛል።

ትናንት ለሚካኤል መርሳ ሄጄ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ተዋዋልን። “የስፒከሩን ጉሮሮ ለውጠሽ አምጪልኝ። ያኔም ካልሰማሁ፣ ደሴም ቢሆን እሄድልሻለሁ” አሉ። ዳኛው ጋሽ ካሣው ናቸው። ጋሽ ካሣው ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ የአባባ ወዳጅ፣ ልብስ ሰፊ የነበሩ። የስፌት መኪናቸውን ሙዚቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ዘርግተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የአባባን ካሴት እየሰሙ ነው የሰፉት። “ስፒከሩ ይምጣና እኔ እፈርዳለሁ፤ ከሁለታችሁም ጉቦ እበላለሁ” አሉ።

ስለዚህ ስፒከሩ ከተሠራ አባባ ሰበብ የላቸውም። ይህን እያሰብኩ ነው ያንን ሁሉ ሸክም የቻልኩት። ልተኛ።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ጌጡ ሱቅ ዋልኩ። ጌጡ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ጥሩ፣ ቃሉ የማይታመን። ዛሬ ብመጣ ነገ፣ ነገ ብመጣ ሰኞ የሚል ዓይነት። ለዚህ ነው ከፊቱ የማልነሣው።

ጥር ስለሆነ ሱቁ ቁም ሣጥን በሚያካክሉ የሰርግ ስፒከሮች ተሞልቷል። የኔዎቹ በመሃላቸው እንደ ገጠር ዘመድ ጥግ ይዘው ቆሙ። አንድ ሚዜ ነኝ ያለ ጎረምሳ እየገባ እየወጣ ቅዳሜ ሰርግ አለኝ፣ ቅዳሜ ሰርግ አለኝ ይላል። የማን ሰርግ እንደሆነም ነገረኝ፣ ሙሽራዋ በፊት ለማን ታጭታ እንደነበረም ነገረኝ። ሳልጠይቀው። እንዲህ ያለ ሰው በሰው ወሬ ዓምድ ለምጽፍ ለኔ በረከት ነው፤ ዛሬ ግን ለማዳመጥም ደክሞኝ ነበር።

ጌጡ ካቻቢቴውን አንሥቶ የፊት ጨርቁን አወለቀ። ዙሪያውን ያለውን ስፖንጅ በጣቱ ነካ ሲያደርገው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ከሣጥኖቹ ውስጥ የወጣው፦

የዶሮ ላባ።
የበቆሎ ቆረቆንዳ።
አይጥ የነጨው ጥጥ።
የአንድ ካሴት ሽፋን፣ በአባባ እጅ ጽሑፍ “የካሣው፣ አይሸጥም” የሚል።

ሽፋኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጌጡ እንዳስረዳኝ ከሆነ ሣጥኑ ደኅና ነው፤ የድሮ ወፍራም እንጨት ነው፤ አሁን እንዲህ ያለ የሚሠራ የለም። የሞተው ጉሮሮው ነው። ጉሮሮ የሚለው ያንን በስተኋላው ማግኔት ያለበትን፣ ድምፅ ሲወጣ የሚርገበገበውን ክብ ነገር ነው። በየሣጥኑ ሁለት ሁለት አለ። ትልቁ፣ ዉፈሩ፣ ወፍራሙን ድምፅ ይዟል። ትንሹ፣ ትዊተሩ፣ ቀጭኑን። ዉፈሮቹ አልቀዋል። ከትዊተሮቹም አንዱ ድምፁ የለም፤ ሁለቱንም በአዲስ እለውጣለሁ አለ።

ለዉፈሩ ግን ምርጫ ሰጠኝ። አንደኛው የመኪና ስፒከር ነው፤ በየሱቁ ይገኛል፣ ያጓራል፤ ነገር ግን ዴኩ ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ዴኩም ይግልና አንድ ቀን ይጨሳል። ሁለተኛው አንድ ሆቴል አዳራሹን ሲያድስ ያወጣቸው የወረቀት ዉፈሮች ናቸው። ከድሮ ዴክ ጋር ይስማማሉ፤ ግን ከቀዳዳው ትንሽ ይሰፋሉ፣ አናጺ ይፈልጋሉ። ሰው የትኛውን ይመርጣል አልኩት። ሁሉም የመኪናውን፣ አለ። ከዚያስ? ከዚያ የጨሰ ዴካቸውን ታቅፈው ይመለሳሉ፣ አለ።

የሆቴሉን አልኩት። በዚህ ሳምንት ያደረግሁት ብቸኛ ብልህ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

የምጽፍለት መጽሔት አዘጋጅ ከአዲስ አበባ ደወለ። የወሩ ዓምዴ አልደረሰም። የሚያስቅ ይሁን፣ አንባቢው ደክሞታል አለኝ። አንባቢው ብቻ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ቀኑን ከመጀመሪያው።

አናጺው ጠዋት መጥቶ ቀዳዳዎቹን አሰፋ። ዱቄቱ ፀጉሬ ላይ እስካሁን አለ። ጌጡ ዙሪያውን ኮላ ቀባ፣ አየር እንዳያሾልክ። ከዚያ የበግ ጠጉር አምጪ አለኝ። ከደጋ ለባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብስ፣ ብዬ ያስመጣሁት ያልተፈተለ ጠጉር ነበረኝ፣ ባናው ሳይሠራ የከረመ። ሣጥኑ እንዳያስተጋባ ብሎ ውስጡ ጎዘጎዘው። የኔ ባና እዚያ ገብቶ ቀረ። ይሁን።

ቀትር ላይ የሱቁ ዴክ ላይ ገጠመውና ከአባባ ካሴቶች አንዱን፣ አንድ የቆየ የአምባሰል ዜማ ከፈተ። ድምፅ ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አንድ ነገር ቅር አለኝ። ዘፈኑ ከሁለቱም ሣጥን የሚመጣ አይመስልም፤ ከማጅራቴ በኩል፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ብቻ ከየት እንደሆነ አይታወቅም። ክራሩ አለ። ከበሮው የለም። ጌጡም ፊቱን አኮሳትሮ ጭንቅላቱን ያካል።

በዚህ መሃል አባባ ከተፍ አሉ። ከመርሳ፣ ብቻቸውን፣ ካፖርታቸውን ለብሰው። መጠበቅ አቃታቸው። ባጃጆቹን ሁሉ እንዴት እንዳለፏቸው እግዜር ይወቅ። ጌጡ ወንበር አቀረበላቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ የሰርግ ጎረምሳው ሳይቀር፣ ያያቸዋል።

“ይኸው፤ ድሮም እንዲህ ነበር የሚለው” አሉ። “ከበሮውን ስሚው።”

ከበሮ አልነበረም።

ጌጡ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

አባባ ቀጥሎ ካለው ሻይ ቤት የሚያውቁት ሾፌር አይተው ወጡ። ጌጡ ወዲያው የፊት ጨርቆቹን አንሥቶ አንድ ድንጋይ ባትሪ አመጣና የየስፒከሩን ሽቦ ጫፍ ነካ ነካ አደረገበት። የግራው ወረቀት ወደ ውጭ ገፋ አለ። የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። አንዱን ገልብጬ በይጄዋለሁ፣ አለ፤ አንዱ ሲገፋ አንዱ እየሳበ ወፍራሙን ድምፅ እርስ በርስ ተበላልተውታል። ሽቦውን አዙሮ በየደና እንደገና ከፈተ። ከበሮው ደረቴ ላይ መጣ። ዘፋኙ እፊቴ፣ በሁለቱ ሣጥኖች መሃል፣ ቆሞ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚታየኝ መሰለኝ። ጎረምሳው እንኳ ስለ ሰርጉ ማውራት አቆመ።

አባባን ጠራናቸው። ተቀመጡ። አዳመጡ።

“ያው ነው” አሉት ጌጡን። “ምኑን ነው የነካካኸው?”

ያው ነው።

ስሸኛቸው እየሳቁ ሰምቻለሁና ደሴ ቀረ አሉኝ። ገና ዳኛው አልፈረዱም አልኳቸው፤ ሦስቴ፣ በመጨረሻው መንገደኛ እስኪዞር። እሺ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከካሣው ጋር እንሰማለን አሉ። ስፒከሮቹን ካልወሰድኩ አሉና ሚኒባስ ላይ ጫንናቸው። ከዴኩ ጋር የሚያገናኛቸውን አዲሱን ሽቦ ጌጡ ነገ ያዘጋጅልኛል፣ እሑድ እኔ ይዤ እሄዳለሁ። ጌጡ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ዝግ ባለ ድምፅ ይዙር ብሏል፤ ብዙ ተቀምጦ የከረመ ጉሮሮ እንደ አዲስ ድስት መሟሸት አለበት።

ዓምዴን አልጻፍኩም። የሚያስቅ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ጋሽ ካሣው ዐረፉ። በእንቅልፋቸው።

የደወለችልኝ ከአባባ ቤት ማዶ ያለችው የሱቋ ልጅ ናት። ሽቦውን ሳልወስድ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ በመጀመሪያው መኪና ሄድኩ። ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ ወንበሮች ወጥተዋል፣ አባባ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

የሱቋ ልጅ ኋላ ላይ ለብቻዬ አድርጋ ነገረችኝ። የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ሊነጋጋ ሲል በበራችን ተመላልሶ ነፍቷል። አባባ አልሰሙም። እንደ ወትሯቸው ፀሐይ ሲወጣ ጋሽ ካሣውን ደኅና አደርክ ሊሉ ወጡና ድንኳን የሚተክሉትን ሰዎች አዩ። “ለማን ነው?” ብለው ጠየቋቸው። ሰዉ “በድንጋጤ ነው” ብሎ አለፋቸው።

ቀብሩ ብዙ ሰው ነበረበት። ግማሹ የሐብሩ ሰው እሳቸው የሰፉትን ሱሪ የለበሰ ይመስለኛል። አባባ አላለቀሱም። ከሬሣ ሣጥኑ ኋላ ኋላ ሲሄዱ ዓይናቸው ከሰው አፍ ላይ አይነሣም፤ ማን ምን እንደሚል ለማወቅ።

ስፒከሮቹ ሳሎን ውስጥ አንሶላ ለብሰዋል። አርባው ሳይወጣ የሚከፍታቸው የለም፤ የኛና የሐዘን ቤቱ ግድግዳ አንድ ነው። ሬዲዮኑንም ዘግተነዋል። ውሉ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ዳኛውም የሉም። ይህን ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ግን አሰብኩት።

እሑድ፣ ጥር 17

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

አልቃሿ ዛሬ ከገጠር መጣች፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ትባላለች፤ የሟች ዘመድ ናት። እዚህ አገር አልቃሽ የሟችን ታሪክ ስታወርድ የወዳጆቹን ስም ትጠራለች። ስሙ የተጠራ ሰው ይነሣል፣ ደረቱን ይመታል፣ ሟችን ይጣራል፣ ሰዉም ከእሱ ጋር ያለቅሳል። ለዚያ ሰው ክብሩ ነው። ለሟች ቤተሰብም።

ከልጆቹ ጀምራ፣ ከወንድሞቹ ቀጥላ፣ ወደ ወዳጆቹ ገባች። ከማንም በፊት አባባን በስማቸው፣ አበጋዝ ብላ፣ ጠራቻቸው።

አበጋዝ ወዳጁ፣ እስቲ አንተ ጥራው፣
የኛን እንቢ ብሏል፣ ያንተን ቢሰማው።

ድንኳኑ ሁሉ ወደ አባባ ዞረ። አባባ ከዘራቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ነኝ፣ ሩቅ ነኝ። አልቃሿ ደገመችው። ደግማ ቆየች፣ ጠበቀቻቸው። አባባ የሰዉን ዓይን አይተው ቀና አሉ፤ ያልገባቸውን ነገር ሲሰሙ እንደሚያደርጉት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተመልሰው አቀረቀሩ። አልቃሿ ወደ ሌላ ስም አለፈች።

አንዳንድ ዝምታ ጫጫታ ነው። ከጎኔ ያሉት ሴቶች ወዲያው ጀመሩ። ተኳርፈው ነበር እንዴ? የአጥር ነገር ነበረባቸው ይባላል። አይ፣ የአጥር ሳይሆን የልጆች ነገር ነው። እኔ በዚህ ወሬ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ነገር ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። እስከ ነገ የመርሳ ሰው የጠቡን ምክንያት በዝርዝር ያውቀዋል።

ከሁሉ የባሰብኝ እትዬ የሺ ናቸው፣ የጋሽ ካሣው ባለቤት። ወጥ ላወጣ ጓዳ ስገባ ክንዴን ያዙኝ። ዓይናቸው አብጧል።

“ዘርፌ፣ ምን አድርገነው ነው?” አሉኝ።

ምንም፣ ምንም አላደረጋችሁም አልኩ። ከዚያ በላይ ካልኩ የአባባን ምስጢር ማውጣቴ ነው። ካላልኩ ደግሞ ዕድሜ ልክ የቆየ ወዳጅነት በጠብ ተዘጋ ተብሎ ይቀራል። አላልኩም። ወጡን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18

ዛሬ ሣልስት። ድንኳኑ ማታ ይነሣል። ከዚያ በፊት አባባ ማወቅ አለባቸው።

ችግሩ፣ ለአባባ ምስጢር መንገር ማለት መጮኽ ነው። ቤት ውስጥ ብጮኽ ግድግዳው ያው የእትዬ የሺ ግድግዳ ነው። ግቢ ብወጣ ወጥ ሠሪዎቹ አሉ። ስለዚህ ጠዋት ትንሽ አየር እንቀበል ብዬ ይዣቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወንዝ ወረድኩ። ከወንዙ ውሃ የሚስብ ሞተር ይንደቀደቃል። ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ሰዎች አሉ፣ ግን ራቅ ብለው። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸውና ጆሯቸው ሥር ጮኽኩ።

አልቃሿ ትናንት ስምዎን ጠራች፣ አልኩ። መቼ አሉ። ቀትር ላይ፣ ሁለቴ። ጋሽ ካሣውን አንተ ጥራው ነው ያለችው። አንዱ የሽንኩርት ሠራተኛ ቀና ብሎ አየን።

“እኔ ምን አደረግሁ?”

“ምንም። ራስዎን ነቅንቀው ዝም አሉ። ሰዉ ተጣልተው ነበር ይላል። እትዬ የሺ፣ ምን አድርገነው ነው ብለውኛል።”

ከዘራቸውን አፈሩ ላይ አሽከረከሩ። ጉድጓድ ሠሩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ ስፒከሩን ያነሡብኛል ብዬ ነበር። አላነሡም።

“ካሣው ያውቅ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ሰው ሲያወራ ጉልበቴን ነካ አድርጎ፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣ እንዲህ አለህ ይለኝ ነበር። አንድ ቀንም አልሰማህም ብሎኝ አያውቅም።”

ከዚያ ተነሡ። ከኔ ቀድመው ነው ዳገቱን የወጡት።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አባባ ጥጋቸውን አልፈው መሃል ገቡና እትዬ የሺ ፊት ቆሙ። ድምፃቸው ልክ የለውም፣ ራሳቸውን አይሰሙትምና። “የሺ፣ ከካሣው አልተጣላሁም። ጆሮዬ ሞቷል። ትናንት ስጠራ አልሰማሁም” አሉ። ወደ አልቃሿ ዞሩ። “እስቲ ድገሚልኝ እናቴ። ቀረብ ብለሽ።”

ወይዘሮ ጥሩነሽ ተነሥታ መጣች። እጇን እንደ ጉድጓዳ ሣህን አድርጋ ጆሯቸው ላይ ገጠመችና ያችኑ ቃል፣ ዝቅ አድርጋ ሳይሆን በሙሉ ድምጿ፣ አወረደችላቸው። አባባ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ አብረው ይሉታል። “ጥራው” ያለችበት ላይ ስትደርስ ቀጥ ብለው ቆሙ።

“ካሣው” አሉ።

እንዲያ ያለ ድምፅ ከአባባ ወጥቶ አያውቅም። የድንኳኑ ሸራ የተናወጠ መሰለኝ። እትዬ የሺ ተነሥተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ፤ ከዚያ በኋላ ማን እንዳለቀሰ ማን እንዳላለቀሰ አላየሁም፣ እኔም አልተረፍኩም።

ማታ ድንኳኑ ሲነሣ ወንበር ይሸከሙ የነበሩት ሽማግሌዎች አንድ በአንድ መጥተው አባባን በጩኸት ደኅና እደር አሏቸው። ጩኸታቸው አስቂኝ ነበር። አባባ ለሁሉም መለሱ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

እስከ ረፋድ ተኛሁ።

ጌጡ ደወለ፣ ስፒከሮቹ በደኅና ደረሱ ወይ፣ መቼ ነው የሚከፈቱት ብሎ። ሐዘን ላይ ነን አልኩት። ይቅርታ ጠየቀና ግድ የለም፣ ጉሮሮው አይበላሽም፣ አርባውን ይጠብቃል አለ። ሽቦዬን ደግሞ ለሰርጉ ጎረምሳ አውሶታል። ጌጡ ነውና አልተገረምኩም።

አዘጋጁም ደወለ። የሚያስቅ የለኝም አልኩት። እንግዲያው ያለሽን ላኪ አለኝ። ያለኝን ለማንም አልልክም። ይህ የአባባ ነው።

ቀትር ላይ አባባ ከእትዬ የሺ ቤት ተመለሱና ሳሎን ቆመው አንሶላ የለበሱትን ስፒከሮች ብዙ አዩዋቸው። የአንዱን ጥግ ገልጠው አዲሱን ዉፈር በጣታቸው ዳሰሱት፣ በቀስታ፣ እንደ ጨቅላ ራስ። ጥሩ አድርጎ ገጥሞታል አሉ። ከዚያ ወደኔ ሳይዞሩ፦

“ዓርብ ዕለት ከበሮውን አልሰማሁም። የማውቀውን ነው የነገርኩሽ።”

ጀርባቸውን ነክቼ ወደኔ እንዲዞሩ አደረግሁና፣ ቀስ ብዬ፣ አፌን እያሳየሁ፣ አውቃለሁ አልኳቸው።

“ደሴ ነገ መኪና አለ?” አሉ።

መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ። መንገዱ ክፍት ነው፣ በጠዋት ይወጣል። ለነገ፦ መታወቂያ፣ ጋቢ፣ ቆሎ፣ ያለፈው የደም ግፊት ወረቀት። ረቡዕ ነውና የጾም ምሳ እዚያ እናገኛለን።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ይህን የምጽፈው ከደሴ ስንመለስ መኪና ላይ ነው፤ ፊደሌ ይዘላል።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መጀመሪያ ጆሯቸውን አጠበች፤ የወጣውን አልጽፈውም። ከዚያ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፋችላቸው። ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሡ አለቻቸው፣ በምልክት ጭምር። እኔ ውጭ ቆሜ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። ያታልሏታል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሐኪሟን ፊት አይተው፣ ገምተው፣ እጃቸውን የሚያነሡ መስሎኝ ነበር። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተቀመጠ። ብዙ ተቀመጠ። አልፎ አልፎ ይነሣል፣ ይወርዳል። ሐኪሟ ወረቀቱ ላይ የምታደርገው ነጥብ ወደ ታች፣ ወደ ታች ይሄዳል። ግን እጃቸው አንዴም አልዋሸም።

ሁለቱም ጆሮ ደክሟል አለች። ቀጭኑ ድምፅ ጨርሶ ሄዷል፣ ወፍራሙም ርቋል። የሄደው አይመለስም። የጆሮ መሣሪያ ታዘዘ፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል፤ ሲመጣም መልመድ አለበት፣ አንዳንዱ ሰው አይለምደውም። አባባ አፏን እያዩ ሰሟት።

“ከበሮ እሰማለሁ?” አሏት።

“በመሣሪያው ይመጣል ብዬ አስባለሁ።”

“ክራርስ?”

“እሱን አልዋሽዎትም አባቴ። ሞክረን እናያለን።”

ራሳቸውን አልነቀነቁም። እሺ አሉ።

አሁን ውጫሌን አልፈናል። እኔ በመስኮቱ በኩል፣ አባባ በመሃል፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ሲሪንቃ የሚሠራ ልጅ ተቀምጧል። ልጁ ስንሳፈር አንድ ነገር ጠየቃቸው። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ። “ከፍ አድርገህ ተናገር ወንድሜ፤ ጆሮዬ ደካማ ነው” አሉት።

ልጁ ከፍ አደረገ። አባባም ቀጠሉ። ከሐይቅ ጀምሮ መኪናው ሙሉ የጆሯቸውን ነገር፣ የሐኪሟን ማዳመጫ፣ የጋሽ ካሣውን ጉልበት መንካት፣ እኔ የነገርኳቸውን የጌጡን የተገለበጠ ሽቦ፣ የዶሮዋን ጎጆ ሳይቀር ሰምቷል። ወሬ ማውራት የኔ ሥራ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መስያለሁ፤ ደብተሬን በየመሃሉ እየከፈትኩ።

ሹፌሩ አሁን ወደኋላ ዞር ብሎ፣ አባቴ፣ ታዲያ አርባው ሲወጣ መጥተን እንስማ ወይ ብሎ ጮኸ። ልጁ በጆሯቸው ደገመላቸው። አባባ ሳቁ። ሳቃቸው ቦታው ላይ ነበር፤ የተባለውን ሰምተው ነው የሳቁት።